ለብዙ ቀን በእግር የሚጓዝ ሰው ምን አግኝቶ ነው?

ጥያቄ፦ የሲኤምሲዋ

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ በሚመጣው የዓመት እረፍቴ ወደ ስሜን ተራሮች አብሬው እንድሄድ ጋብዞኛል። በመኪና ደርሶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ አይደለም ያሰበው። ጓዛችንን በበቅሎ ጭነን፣ ሌሊት ድንኳን ውስጥ እያደርን፣ ቀን ቀን በእግራችን እየተጓዝን እንድንሰነብት ነው። እርሱ እንዲህ ያለውን ጉዞ ከጀመረ ቆይቷል። ወንጪ ሐይቅን በእግሩ ዞሯል፣ ባሌ ውስጥ የሳነቴን ከፍታ ተጉዟል፤ በተመለሰ ቁጥር ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ግን ሰላም አግኝቶ አየዋለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ እውላለሁ። የእግር መንገድ ጭራሽ አላውቅም ማለቴ ግን አይደለም። መገናኛ ላይ የታክሲው ሰልፍ ሲረዝም ትቼው እስከ ሲኤምሲ በእግሬ እሄዳለሁ። ቢሮ ውስጥ አልታረቅ ብሎኝ የዋለ ሒሳብ ጉርድ ሾላን ሳልፍ ከአእምሮዬ ይለቀኛል። እንዲህ የመጣሁ ቀን ፊቴ ፈታ እንደሚል ልጆቼ ነግረውኛል። ይሁንና ይህ አጭር መንገድ ነው፤ መጨረሻው ላይም ቤቴና እራቴ ይጠብቁኛል።

ወንድሜን «ምን ታገኝበታለህ?» ስለው «መጥተሽ እይው» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ድሮም ብዙ የማይናገር ሰው ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ ደግሞ የምንገናኘው በበዓል ብቻ ሆኗል። የሥራ ባልደረቦቼ ጉዞውን «ገንዘብ ከፍሎ ድካም መግዛት» ይሉታል።

ስለዚህ ለብዙ ቀን በእግራችሁ የተጓዛችሁ ሰዎች መልሱን ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ። ለልብና ለደም ግፊት ያለውን ጥቅም አውቀዋለሁ፤ እርሱን ተዉልኝ። እናንተን ራሳችሁን የሚስባችሁ ምንድን ነው? አራተኛው ቀን ላይ እግር ዝሎ፣ ልብስ ቆሽሾ፣ ሰው ተነሥቶ መንገዱን የሚቀጥለው ለምንድን ነው?


ምላሽ፦ ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ደግ ጥያቄ ጠይቀሻል። እኔ ከሌላው ወገን ሆኜ ልናገር።

የተወለድሁት ቡልጋ ነው። ትምህርት ቤት ለመድረስ ገደል ወርጄ፣ ወንዝ ተሻግሬ፣ ማዶ ያለውን ዳገት እወጣ ነበር። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ማዶ ዘመድ ቤት አድራለሁ። ጫማ የምለውን ነገር ያደረግሁት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመፈተን ወደ ከተማ ስሄድ ነው። እናቴ ያንኑ ዳገት በእንስራ ውኃ ተሸክማ በየቀኑ ትወጣው ነበር። ደጃፍ ስትደርስ፣ እንስራውን ከጀርባዋ የሚያወርድላት ሰው እስኪመጣ ድረስ ጎንበስ እንዳለች ትቆማለች። ያ አቋቋሟ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የእኛ አገር ሰው የእግር መንገድ ጠግቧል። ጥርጊያ መንገድ ሲገባለት፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲመጣለት እልል ብሎ የተቀበለ ሕዝብ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ያንን ድካም ፈልገው፣ ቦርሳ አንግተው ሲሄዱ ሳይ አልቆጣም፤ ግን ምን እንደሚስባቸው በእርግጥ አይገባኝም። የገባው ካለ ያስረዳኝ፤ አነበዋለሁ።


ምላሽ፦ የደባርቁ

ለሁለታችሁም ልመልስ። ደባርቅ አጠገብ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። በልጅነቴ በቅሎ በመጫን ጀመርሁ፤ ኋላ ቋንቋ ተምሬ አስጎብኚ ሆንሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከሳንቃበር ማደሪያ እስከ ራስ ዳሽን ባለው መንገድ ላይ ነው። እንግዳ በሌለኝ ጊዜም ብቻዬን እሄደዋለሁ።

አስቀድሜ ለጋሼ። ስለ እናትዎ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የእኔም እናት በገበያ ቀን ገብስ ተሸክማ ከቆላው ሥር ወደ ደባርቅ ትወጣ ነበር። ስለዚያ መንገድ አንዲት መልካም ቃል ሲወጣት ሰምቼ አላውቅም። ያችው እናቴ ግን ለገና በዓል ከመንደራችን ሰዎች ጋር ላሊበላ በእግሯ ሄዳለች። አውቶቡስ ነበር፤ ገንዘቡም አልጠፋም ነበር። ስዕለቷ ግን በእግር ነበር። ስትመለስ እግሯ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቢሆንም ስለ ጉዞው ማውራት አልጠግብ አለች። የት መንደር ማን እንዳሳደራቸው፣ የትኛው ወንዝ ዳር እግራቸውን እንደታጠቡ፣ የትኛው ዳገት ላይ የማታውቃት ሴት ስንቋን እንዳካፈለቻት፣ ዓመቱን ሙሉ ነገረችን። ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ ለመጋቢት 5 ዝቋላ አቦ በእግሩ የሚሄደው ምእመን ሁሉ መኪና ያጣ አይደለም። እንግዲህ ጋሼ፣ እናቶቻችን ሁለቱንም መንገድ ያውቁ ነበር፤ ሸክም የጫነባቸውን መንገድና ራሳቸው የፈቀዱትን መንገድ። የፈቀዱትን ይወዱት ነበር። በእግር መጓዝን መውደድ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው ሲባል የምሰማውን ወሬ በዚህ ምክንያት አልቀበልም።

እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። እኔን የሚስበኝን በአጭሩ ልንገርሽ፤ በመኪና ስሄድ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚባሉት ማደሪያዎች ሁለት ስሞች ናቸው፤ በመሃላቸው አቧራ ብቻ ነው ያለው። በእግሬ ስሄድ መሃሉ አገር ነው።

ከሳንቃበር ጠዋት ስትነሺ የገደሉን አፋፍ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ብዙም ሳትቆዪ የጅንባር ፏፏቴ ፊት ለፊት ይመጣል። ውኃው 500 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ይወርዳል፤ በበጋ እየቀጠነ ሄዶ ታች ሳይደርስ በነፋስ ሲበተን ታዪዋለሽ። እንዲህ ሲወረወር ያየሽውን ወንዝ ትንሽ ቆይተሽ ከፏፏቴው በላይ በድንጋይ በድንጋይ እየረገጥሽ ትሻገሪዋለሽ። ለካ ቀዝቃዛ፣ ጥርት ያለ፣ ጉልበት የማይደርስ ውኃ ነው! ከዚያ ወደ ግጭ የሚወስደው ዳገት ይጀምራል። በመኪና የሚሄደው እንግዳ ፏፏቴውን ያያል፤ ወንዙን ግን አያውቀውም።

ግጭ ላይ ድሮ መንደር ነበር። ስናልፍ ቡና የምንጠጣበት ቤት ነበረን፤ ባለቤትየዋ እንግዶቼን እሳት ዳር አስቀምጣ የገብስ ቆሎ ታቀርብልን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ነዋሪዎቹ ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ግጦሹ በዝቶ ሣሩ አልቆ ነበር፤ ፓርኩም ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ፣ የወጣው በ2017 ነው። አሁን ሣሩ አገግሟል፤ በዚህ ደስ ይለኛል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ግን ቤቱ ከነበረበት ቦታ ላይ ቆሜ እቆያለሁ። ሁለቱም ስሜት አብሮኝ ይሄዳል፤ ለሁለቱም ቦታ የሚሆን ጊዜ አለኝ። በእግር የሚሄድ ሰው ጊዜ አያጣም።

ከግጭ እመት ጎጎ ላይ ስትወጪ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ነሽ። ከእግርሽ ሥር ቆላው ተዘርግቶ፣ ተራሮቹ እንደ ተሰበረ ጥርስ ቆመው ታያለሽ። ስለ እመት ጎጎ ሌሎች ብዙ ብለዋልና እኔ እዚህ ላይ አላበዛም። እኔ የምወደው ከእርሱ በኋላ ያለውን መንገድ ነው። ከጨነቅ ተነሥተሽ የቧሒትን መተላለፊያ ስትወጪ ራስ ዳሽን ማዶ ይታይሻል። ቅርብ ይመስላል፤ እጅሽን ብትዘረጊ የምትነኪው ይመስላል። በመሃሉ ግን የመሸሃ ወንዝ ሸለቆ አለ። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርደሽ፣ ወንዙን ተሻግረሽ፣ እንደገና ወደ ላይ መውጣት አለብሽ። ራስ ዳሽን ጫፍ፣ 4,550 ሜትር ገደማ ላይ ስትቆሚ ከፍታው ቁጥር አይሆንብሽም። ስንት ገብስ ማሳ፣ ስንት መንደር፣ ስንት እረኛ በመሃሉ እንዳለ እግርሽ ያውቀዋል።

የአዲስ አበባ ነጋዴ የሆኑ እንግዳ ነበሩኝ። ልጆቻቸው በግድ አስጎትተው ነው ያመጧቸው። መጀመሪያው ቀን ስልካቸውን ከፍ አድርገው እያዞሩ ኔትወርክ ሲፈልጉ ዋሉ። በሁለተኛው ቀን ጉልበታቸውን አማርረው ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ተኙ። በሦስተኛው ቀን ምሳ በልተን ስናርፍ አብሮን የሚጓዘው የፓርኩ ጠባቂ ሣር እየነጨ መግመድ ጀመረ። ነጋዴው ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ይህ ሣር ምን ይባላል?» አሉ። «ጓሳ ነው» አላቸው። ጠባቂው ጥቂት ዘለላ ከፍሎ ሰጣቸው። ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ወደ ፊት ሲያንከባልለው ሁለቱም ወገን ለየብቻው ይከራል፤ እጁን መልሶ ወደ ኋላ ሲስበው ሁለቱ እርስ በርስ ይጠመዘዙና አንድ ገመድ ይሆናሉ። ጫፉ ሊያልቅ ሲል አዲስ ዘለላ ይቀጥልበታል፤ መጋጠሚያው አይታወቅም። የነጋዴው ገመድ መጀመሪያ እየተፈታ አስቸገራቸው። ጠባቂው እጃቸውን ይዞ አሳያቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ረስተውት፣ በየእረፍቱ ሣር እየለቀሙ ሲገምዱ ሰነበቱ። የሠሩትን ገመድ ይዘው ነው የሄዱት። ሰውዬው የተለወጡ አልመሰለኝም፤ ያው ነጋዴ ናቸው። ግን ዓይናቸው መጥቶ ነበር። ዓይን ከእግር ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ቀናት የሚያስፈልጉትም ለዚህ ነው።

አራተኛው ቀን ላይ ለምን ይቀጥላል ብለሻል። ካየኋቸው እንግዶች አብዛኞቹ የሚፈተኑት በሁለተኛው ቀን ነው። ጡንቻው ይቆረጥማል፣ ከፍታው ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አራተኛው ቀን ላይ ሰውነት ተስማምቶ ትንፋሽና እርምጃ አብረው ይሄዳሉ። ጨነቅ ላይ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ይዞ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ፀሐይ ስትወጣ ሌሊቱን ገደል ላይ ያደሩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላሉ፤ ተቀምጠው ሣር መንጨት ይጀምራሉ። የጦስኝ ሻይ ይፈላል። እጅ በኩባያው ይሞቃል። ያን ጊዜ እንግዳው «ዛሬ ስንት ሰዓት እንሄዳለን?» ብሎ አይጠይቀኝም፤ «እንሂድ» ነው የሚለው።

ስለ ወንድምሽ አንድ ነገር ልጨምር። በጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው። ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይወጣ ነገር በዚያ መንገድ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም እርምጃዬን ጨምሬ ቀደም እልላቸዋለሁ። ብዙ የማይናገር ሰው ከሆነ፣ «መጥተሽ እይው» ማለቱ ትልቅ ንግግር ነው።


ምላሽ፦ ነርሷ ከሜሪላንድ

እኔ የደባርቁ ወንድማችን በቅሎ ማንሣቱ ነው ያስጻፈኝ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። እዚህ ከዋሽንግተን፣ ጆርጅታውን ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ ሜሪላንድ ውስጥ ከምበርላንድ ከተማ የሚደርስ 297 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የእግር መንገድ አለ። ድሮ የበቅሎ መንገድ ነበር። ከጎኑ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ አለ፤ የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች በቦዩ ላይ ሲንሳፈፉ፣ በቅሎዎች በዳር እየሄዱ በገመድ ይጎትቷቸው ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1924 ቆመ። በኋላ መሬቱን የመኪና አውራ ጎዳና ለማድረግ ታሰበ። በ1954 ዊልያም ዳግላስ የተባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ አሳቡን የደገፉ ጋዜጠኞችን ቦታውን አብረዋቸው በእግር እንዲያዩት ጠሩና ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን ሄዱት። እስከ መጨረሻው የዘለቁት ጥቂቶች ነበሩ። ጎዳናው ግን ቀረ፤ በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የደባርቁ ወንድማችን ስለ «መሃል» የጻፈውን ሳነብ እኒህን ዳኛ ነው ያሰብኩት። በካርታ ላይ ያ ቦታ ባዶ መስመር ነበር፤ ጋዜጠኞቹ በእግራቸው ሲሄዱበት ግን ዛፉንና ወፉን አዩ።

ይህን መንገድ በሙሉ በእግሬ ጨርሼዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እየቀጠልኩ ነው። በመንገዱ ላይ ፖ ፖ የሚባል ዋሻ አለ። 950 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ1836 ተጀምሮ በ1850 ነው ያለቀው። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ስለሆነ በእጅ ባትሪ ነው የሚገባው፤ ከጣሪያው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። በቦዩ በኩል ያለውን የእንጨት መደገፊያ በእጅ ሲዳስሱት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነገር ይገኛል። በቅሎዎቹ የጎተቱት ገመድ ዓመት በዓመት እየተፋተገ የቆፈረው ነው። ጣቴን አስገብቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ እንስሳ፣ ያ ሁሉ ነጂ በዚያ ጨለማ ውስጥ አልፏል። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይነካል።

እኔን የሚስበኝ ግን ሌላ ነው። በሥራዬ ሌሊቱን ሙሉ ደወል ይጠራኛል። የአንዱ ደም ግፊት፣ የሌላው ሕመም፣ የሦስተኛው ቤተሰብ ስልክ። ስህተት የማይፈቀድበት ውሳኔ ሲያፈራርቀኝ ያድራል። ቤት ስገባ ደግሞ ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክ አለ፤ መልስ የሚፈልግ፣ ገንዘብ የሚፈልግ። ይህን በምሬት አልናገርም፤ ወገኖቼ ናቸው። መንገዱ ላይ ስሆን ግን የምወስነው ነገር በጣም ጥቂት ነው። የአፓላችያን መንገድ የሚባለው ከጆርጂያ እስከ ሜይን 14 ግዛቶችን አቋርጦ 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ እኔ የሸናንዶዋን ተራሮች ክፍል ነው የምወደው። ዛፎቹ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቀለም ተቀብቷል። አንዱን ካለፍሽ ቀጣዩን ትፈልጊያለሽ። ውኃ ጠጪ፣ ብዪ፣ ሂጂ። አእምሮዬ በእንቅልፍ እንኳ የማያገኘውን እረፍት እዚያ ያገኛል።

ሌላው ሰላምታው ነው። ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ አንገቱን ሳያነሣ ያልፈኛል። ተራራው ላይ ግን ማንም ሰው ሰላም ሳይልሽ አያልፍም፤ ከየት እንደመጣሽ፣ ወዴት እንደምትሄጂ፣ ከፊትሽ ያለው ምንጭ ውኃ እንዳለው ይነግርሻል። ይህን ሰላምታ የማውቀው አያቴ ዘንድ፣ ወሎ ገጠር ውስጥ ነው። እዚህ መልሼ አገኘዋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዕድሜ ወይም አቅም የሚያሳስብሽ ከሆነ ደግሞ ስለ ኤማ ጌትውድ ልንገርሽ። የ11 ልጆች እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመታቸው፣ የሸራ ጫማ አድርገው፣ ራሳቸው የሰፉትን ከረጢት ትከሻቸው ላይ ጥለው የአፓላችያንን መንገድ በሙሉ ብቻቸውን ሄዱት። ከዚያ በኋላም ደገሙት።


ምላሽ፦ ጡረተኛው መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደባርቁ ልጅ ስለ እናቱ ያለው እውነት ነው። አክስቴ ደብረ ሊባኖስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር፤ እኔ በአውቶቡስ ላሳፍርዎት ስላቸው ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ያኔ ቁጣቸው ስለ ስዕለቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። መንገዱንም ሊሆን እንደሚችል አሁን ነው ያሰብሁት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በምትሄዱበት መንገድ ላይ ፈቅዶ ያልመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። እንጨት የተሸከመች ልጅ፣ ጤፍ የጫነ ገበሬ፣ በሽተኛ በቃሬዛ የያዙ ሰዎች ያጋጥሟችኋል። ከመንገዱ ወጥታችሁ አሳልፏቸው። ዳገት ላይ ሸክም ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው የተሸከመው ብቻ ነው። ፎቶግራፍም አታንሷቸው።


ምላሽ፦ የሲኤምሲዋ

ሁሉንም ምላሽ ለወንድሜ በስልክ አነበብኩለት። ስለ ጠባቡ መንገድ የተጻፈው ጋ ስደርስ ዝም አለ፤ ቆይቶ «ሰውየውን ስሙን ጠይቂልኝ፣ ምናልባት አውቀው ይሆናል» አለኝ። እሄዳለሁ ብዬዋለሁ።

ከዚያ በፊት አንድ ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ደን ሄደን የወጨጫን ተራራ በእግር ለመውጣት ተስማምተናል፤ እንደ ልምምድ። መምህር፣ አደራዎን ተቀብያለሁ። የሜሪላንዷ እህቴ፣ ስለ ዳኛውና ስለ በቅሎዎቹ የጻፍሽውን ለልጆቼ ነገርኳቸው፤ ትንሹ በቅሎዎቹ ጨለማ አይፈሩም ወይ ብሎ ጠይቋል።

የደባርቁ ወንድሜ፣ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ጫማ አዲስ መግዛት አለብኝ? ከፍታውስ ያስፈራኛል፤ እንጦጦ ላይ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኛል።


ምላሽ፦ የደባርቁ

ስሜን በግል መልእክት እልክልሻለሁ።

ጫማውን ዛሬውኑ ግዢ፤ ለጉዞው ቀን አታስቀምጪው። ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ እርሱን አድርገሽ ተመላለሺ። በወፍራም ካልሲ ለኪው፤ ከጣትሽ ፊት ትንሽ ክፍተት ይኑረው፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ወደ ፊት ይገፋል። ከመነሣትሽ በፊት የእግር ጥፍርሽን ቁረጪ። ቁልቁለቱ ለጉልበት ከዳገቱ ይከፋልና ዱላ ያዢ፤ ደባርቅ ገበያ ላይ ጥሩ ዱላ ይገኛል።

ስለ ከፍታው፣ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ እየወጣሽ መለማመድሽ ይጠቅምሻል። ሳንቃበር 3,250 ሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያ እደሩ፤ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ሄዳችሁ አትደሩ። ውኃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ቀስ ብለሽ ሂጂ፤ እያወራሽ መሄድ ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ትንሽ ራስ ምታት የተለመደ ነው፤ ከባሰ፣ ማስመለስ ካመጣ ወይም አካሄድ ካወላገደ ግን ያለ ክርክር ወደ ታች መውረድ ነው። ሌሊቱ ውኃ የሚያረጋ ብርድ አለው፤ ወፍራም ልብስ አትቆጥቢ። ጥሩው ወቅት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። የመግቢያ ክፍያውንም፣ ጠባቂውንም፣ መንገዱ በዚያ ሰሞን ክፍት መሆኑንም ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይነግራችኋል፤ ከአዲስ አበባ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

እግርሽ ላይ አንድ ቦታ መሞቅና መፋተግ ከጀመረ እዚያው ቁሚ። ጫማሽን አውልቂ፣ አድርቂው፣ ፕላስተር ለጥፊበት። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይቷል። ወንድምሽ ቢቸኩልም ቁሚ፤ ለብዙ ዓመት የተጓዘ ሰው ከሆነ ግን አይቸኩልም።